ኩሬው ለማን ነው?

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጓሮ ኩሬ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ አቆፋፈሩም ውሃ እንዳይሰርግ ስለሚነጠፈው ሸራም የተባለው ጥሩ ነው። አንድ ጥያቄ ግን ተዘልሏል። ኩሬው የሚቆፈረው ለማን ነው?

የምኖረው ጎጃም ውስጥ፣ ከመራዊ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ኩሬ ስንቆፍር ይህን ጥያቄ ከቤታችን ማንም አላነሳውም። ባለቤቴ ለሽንኩርቷና ለጌሾዋ ውሃ ፈለገች። ልጆቹ ዓሣ አሉ። የኔ ምኞት ደግሞ ልጅ እያለሁ ክረምት ሲገባ ማታ ማታ ከመስኩ እሰማው የነበረው የእንቁራሪት ጩኸት ነበር። ሦስቱንም እናገኛለን ብለን ጀመርን። አልሆነም። ያስገባነው አምባዛ ዓሣ የእንቁራሪቱን እንቁላልም፣ ገና ጭራ ያላቸውን ልጆቿንም እየለቀመ ጨረሰ፤ ውሃው ደግሞ በየቀኑ ለአትክልት ሲቀዳ ከርሞ ጥር ላይ ጭቃ ብቻ ቀረና ዓሣዎቹም አለቁ። ልጆቼ ያን ቀን አለቀሱ።

የኛ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ከዚያ ወዲያ ኩሬው የሚኖረው በያዘው ነው፣ ከዚያም ላይ ፀሐይ ትወስዳለች። ዓሣ የሚፈልግ ሰው ውሃውን መቆጠብ አለበት፣ አትክልት የሚያጠጣ ደግሞ ውሃው ያልቅበታል። የሚገርመው እንቁራሪት ነው። እሱ ክረምቱን ውሃ ካገኘ በበጋ ቢደርቅበትም ግድ የለውም፣ እንዲያውም የሚደርቅ ኩሬ ዓሣ ስለማይኖርበት ይስማማዋል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ!

አሁን ለየናቸው። ትልቁ ለአትክልቱ ሆነ። ከሱ በታች ጥልቀቱ ከጉልበት የማያልፍ ሁለተኛ ኩሬ ቆፈርን፣ ዓሣ አልገባበትም፣ ዳሩ ላይ ቄጠማ ተከልን (ለበዓል የሚጎዘጎዘውንም ከዚያው እናጭዳለን)። አንዱን ጎን ቀስ እያለ እንዲወርድ አደረግነው፤ ሸራ የተነጠፈበት ቀጥ ያለ ግድግዳ ያዳልጣል፣ ጫጩትም ጃርትም ከወደቁ አይወጡም። ልጅም እንደዚያው፣ ስለዚህ አጥር የግድ ነው። ዘንድሮ ሐምሌ ላይ እንቁራሪቶቹ መጡ። ጠዋት ጠዋትም ነጭ ሳቢሳ የምትባለዋን ወፍ ዳሩ ላይ ቆማ አገኛታለሁ።

ወባ የሚበረታበት ቆላ ለምትኖሩ ግን ምክሬ ሌላ ነው። የትንኝ እንቁላል በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ክንፍ ያወጣል። እናንተ ከዓሣ ጀምሩ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ (ቲላፒያ) የትንኙን እጭ ይበላል፤ ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ውሃውን በየሳምንቱ እዩት።

አበባው አማረኝ ብሎ ከጣና እምቦጭ ይዞ የሚመጣ ሰውም አለ። እባካችሁ ተዉት። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን ምን እንዳደረገው እያየን ነው፣ ከጓሮ ኩሬ ደግሞ በጎርፍ ተጠርጎ ወንዝ ይገባል።

በሚቀጥለው ስለ ኩሬ ስትጽፉ አንባቢው መጀመሪያ ከቤተሰቡ ጋር እንዲነጋገር ንገሩልኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከመራዊ