የአጎበሩ ሒሳብ ጎድሏል፤ ዳግም የድጋፍ ጥሪ

ውድ የማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፣

ይኸው ደግሞ መጣን። «እነዚህ ሰዎች ትዝ የምንላቸው ገንዘብ ሲያልቅባቸው ነው» እንደምትሉን እናውቃለን። አልተሳሳታችሁም። ግን የወባ መከላከያ አጎበር የምንገዛበት ሒሳብ ደርቋል። በየወሩ ሲያዋጡ ከነበሩት ግማሽ ያህሉ አቁመዋል።

ለምን እንዳቆማችሁ ይገባናል፤ በዚያ ኮንቴይነር የተነሳ ነው። የላክነው ልብስና መድኃኒት ወደብ ላይ ተይዞ ከረመ። የመጋዘን ኪራዩም የዓመቱን መዋጮ በላው። «ገንዘባችን የት ገባ?» ላላችሁን መልሱ ይኸው ነው። ማንም ኪስ አልገባም። ደረሰኙ በሙሉ ፋይል ውስጥ አለ፤ መጥታችሁ እዩት።

ጥፋቱ የኛም ነው። ካርቶኖቹን ያሸግነው እኛው ነን። አንዱ ውስጥ ብቻውን የቀረ የግራ እግር ጫማ ነበር። ለሞቃት አገር ደግሞ ወፍራም ካፖርት! ከሥሩ ጊዜው ሊያልፍበት ሦስት ወር የቀረው ሽሮፕ ተገኘ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በእርዳታ የሚላክ መድኃኒት ተቀባዩ አገር ሲደርስ ቢያንስ 1 ዓመት ሊቀረው ይገባል። ቀድመን አላነበብነውም።

ስለዚህ ዕቃ መሰብሰብ አቁመናል። እባካችሁ ልብስ አታምጡልን። ሸጣችሁ ገንዘቡን አምጡ።

ከዚያ በፊት የሠራነው ግን አይረሳ። ሁለት ዙር አጎበር አዳርሰናል፤ ያኔ ማንም ቅሬታ አላቀረበም። በፀረ ተባይ የተነከረ አንድ አጎበር ሁለት ሰው ያስተኛል፣ ሦስት ዓመት ገደማ ያገለግላል። ወባ በየዓመቱ ወደ 600 ሺህ ሰው ይገድላል፤ አብዛኞቹ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ የአፍሪካ ሕፃናት ናቸው። የማይሞተውም ቤቱን ያደኸያል። ልጅ የታመመባት እናት ለቀን ሥራ አትወጣም። የዚያን ቀን ገቢ የለም፣ መድኃኒት ግን ይገዛል።

የዓለም ባንክ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2025 የከፋ ድህነት መለኪያውን በቀን 3 ዶላር አድርጎታል። ከዚያ በታች የሚኖረው ወደ 800 ሚሊዮን ሰው ነው። «የኔ መዋጮ ለዚህ ምን ይፈይዳል?» ያሰኛል። ስብሰባ ላይ ስንደክም እኛንም ያሰኘናል። አጎበሩ ግን 800 ሚሊዮን ሰው ጠብቅ አልተባለም፤ ከሥሩ የተኙትን ሁለቱን ነው።

የምንለምናችሁ ትልቅ ነገር አይደለም። አንዴ ብዙ ሰጥቶ ከመጥፋት በየወሩ ትንሽ ይሻለናል፤ ባንካችሁ በራሱ እንዲያስተላልፍ እዘዙት። የሒሳብ ባለሙያ የሆናችሁ አንድ ምሽት ስጡንና መዝገባችንን መርምሩ፤ እኛም ከሐሜት እንረፍ። ለዘመድ ገንዘብ የምትልኩ፣ እናንተም ድህነትን እየተዋጋችሁ ነው፤ ብቻ የመላኪያ ክፍያውን አወዳድሩ። የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች ይውረድ ያለው በከንቱ አይደለም። ዘካና አሥራት የምታወጡ ደግሞ ግዴታውን ከኛ በላይ ታውቁታላችሁ።

የሒሳብ ቁጥሩ አልተለወጠም። በአባልነት ካርዳችሁ ጀርባ ያለው ነው። ስታስገቡ ምክንያቱ ላይ «አጎበር» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ከኪራዩ ዕዳ ጋር ይቀላቀልብናል። የደረሰኙን ፎቶ ለገንዘብ ያዣችን ላኩ። ደውሎ አዲስ ቁጥር የሚሰጣችሁ ሰው ካለ ከኛ አይደለም፣ ዝጉበት።

የአጎበሩን ግዢ ትዕዛዝ የምናስገባው በወሩ መጨረሻ ነው። ቁጥሩ የድሮው ነው፤ ምክንያቱ ላይ «አጎበር»።

የማኅበሩ ኮሚቴ