ከኮርቻው ስር ያለውንም እዩልን

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ፣ ለጥምቀት ያወጣችሁትን የፈረሰኞች ፎቶ አየሁት፣ ግላሱ፣ ልጓሙ፣ የፈረሰኛው ኩራት፣ በጣም ደስ ይል ነበር። ግን ስልኬ ላይ ትልቅ አድርጌ ሳየው አንዱ አምባላይ ፈረስ ላይ ከኮርቻው ስር ማዳበሪያ ጆንያ ወጥቶ ይታያል፣ ድብዳብ፣ ማለት ጀርባው እንዳይጎዳ ከኮርቻ ስር የሚነጠፈው፣ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ። ከዛ በኋላ ሌላው ጌጥ ሁሉ አልታየኝም፣ ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

እኔ መንዝ ነው ያደግኩት። አባቴ ዳማ ፈረስ ነበረው፣ ህጻን ልጅ ብታስቀምጥበት እንኳን ረጋ ብሎ የሚሄድ። አንድ ሰሞን ድብዳቡ አልቆ ነበርና ምን ይሆናል ብዬ ማዳበሪያ ሁለት ሶስቴ አጥፌ ከኮርቻው ስር አድርጌ ገበያ ተመላለስኩበት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ፈረሱ ሌላ ሆነ፣ የሆዱን ማሰሪያ ልስብ ስል ጆሮውን ወደኋላ ይለጥፋል፣ ዞሮ ሊነክሰኝ ይሞክራል፣ ስወጣበት ጀርባውን ዝቅ ያደርጋል። ጎረቤት ሁሉ ጸባዩ ከፍቷል ሽጡት ይለናል። አባቴ ምንም ሳይናገር ኮርቻውን አወረደና በሁለት ጣቱ ከጫንቃው፣ አንገቱ ከጀርባው ከሚገናኝበት፣ ጀምሮ ቀስ እያለ ጫን ጫን እያደረገ ወረደ፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የፈረሱ ቆዳ ተንቀጠቀጠና ከእጁ ስር ሸሸ። ጸጉሩ ተመልጦ የሳንቲም የምታህል እርጥብ ቁስል ወጥታለች፣ ገጣባ፣ ኮርቻና ጭነት የሚያመጣው የጀርባ ቁስል፣ ሊሆን ነው። ቁስሉ ዳነ፣ ግን እዛ ቦታ የበቀለው ጸጉር ነጭ ነው፣ ዳማው ላይ እስኪሞት ድረስ ሳየው ኖርኩ።

የኛ ኮርቻ ውስጡ እንጨት ነው፣ የሰውየው ክብደት በዛ እንጨት በኩል ነው ጀርባው ላይ የሚያርፈው፣ ድብዳቡ ክብደቱን ሰፋ አድርጎ ይበትነዋል፣ ላቡን ይጠጣል፣ ፍትጊያውንም እሱ ይቀበላል። ማዳበሪያ ላብ አይጠጣ፣ ያሞቃል፣ ይንሸራተታል፣ የታጠፈበት ጠርዝ ደግሞ ቆዳ ይልጣል። መንዝ እኮ የበግና ከበግ ጸጉር የሚሰራው ባና አገር ነው! ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፣ በዚህ ሁሉ ሱፍ መሀል ፈረሳችን ፕላስቲክ ለብሶ ሲሄድ ሳይ ያንገበግበኛል። ያረጀ ባና ታጥቦ ቢታጠፍ ይበቃል እኮ፣ አጎዛም ይሆናል።

አደራረጉም ወሳኝ ነው። ድብዳቡን ትንሽ ወደ አንገቱ አስጠግቶ አስቀምጦ ወደኋላ መሳብ፣ ጸጉሩ እንዲተኛ። ከዛ ኮርቻው ሲጫን ጫንቃው ላይ እጅ አስገብቶ ድብዳቡን ወደላይ ከፍ ማድረግ፣ አከርካሪው ላይ ተወጥሮ እንዳይጫነው። በጣም ማደራረብም ጥሩ አይደለም፣ ኮርቻው ይዋልላል፣ ሲዋልል ሰው ማሰሪያውን ያጠብቃል፣ ያው ፈረሱ ነው የሚጎዳው። ኮርቻው ራሱ ጠባብ ከሆነ ወይ እንጨቱ ከተሰበረ ደግሞ ድብዳብ አያድነውም፣ ኮርቻውን ማሰራት ነው። ስታወርዱ ላቡን እዩት፣ መሀል አከርካሪው ላይ ደረቅ ቢሆን ችግር የለውም፣ ግራና ቀኙ ሁሉ ረጥቦ አንድ ቦታ ብቻ ደረቅ ከሆነ ግን እዛ ጋ በጣም ተጭኖት ሊሆን ይችላል።

ጥቅምትና ህዳር ላይ ደግሞ ውርጩን ታውቁታላችሁ፣ ላብ የጠጣ ድብዳብ ደጅ ካደረ ጠዋት እንደ ጣውላ ደርቆ ነው የሚገኘው፣ እሱን ጀርባው ላይ መጫን ግፍ ነው። ማታ ቤት አስገቡት፣ ቀን ጸሀይ ላይ አስጡት፣ እሾህና ገለባ እንዳይኖርበት አራግፉት። የጋሪ ፈረሶችም ጀርባቸው ላይ የሚያርፈው ነገር እንደዚሁ መታየት አለበት፣ እነሱ እንደውም ቀኑን ሙሉ ነው የሚሰሩት።

ለሚመጣው ጥምቀት ፎቶ አንሺያችሁ ጉግሱ ካለቀ በኋላ ትንሽ ይቆይና ኮርቻው ሲወርድ የፈረሶቹን ጀርባም ያንሳልን።

አንባቢያችሁ፣ ከመሃል ሜዳ