ዱላውን ይሞክረው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ ጸሐፊ የኦርኬስትራ መሪን «ዱላ የሚያወዛውዝ ሰው» ብሎ ማለፉ አናደደኝ። እኔ 22 ዓመት ኦርኬስትራ ውስጥ ሁለተኛ ቫዮሊን ተጫውቼ፣ የግራ ትንሿ ጣቴ አልታዘዝ ስትለኝ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ወንበር ሆኖ ለሚያይ ነገሩ ሌላ ነው።

ታዋቂው መሪ አርቱሮ ቶስካኒኒ መጀመሪያ የቼሎ (የትልቁ ቫዮሊን መሰል መሣሪያ) ተጫዋች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ውስጥ መሪ ቢጠፋ የ19 ዓመቱን ልጅ ከወንበሩ አስነሡት፤ «አይዳ» የተባለውን ኦፔራ ኖታ ሳያይ በቃሉ መራው። ሊዮናርድ በርንስታይንም በ1943 መሪው ብሩኖ ዋልተር ሲታመም፣ ከኦርኬስትራው ጋር ሳይለማመድ በእሱ ምትክ ኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ ገብቶ መርቶ ስሙን አስጠራ። 25 ዓመቱ ነበር። ዕድል ነው ይሉኛል። ኖታው አስቀድሞ ጭንቅላት ውስጥ ካልገባ ዕድል ምን ሊረባ!

የሚያሳዝነኝ ብቻቸውን ጎልተው የሚጫወቱት የሶሎይስቶቹ ነገር ነው። ዣክሊን ዱ ፕሬ በነርቭ በሽታ ምክንያት ከቼሎዋ የተለየችው ገና በ28 ዓመቷ ነው። ፒያኒስቱ ሊዮን ፍላይሸር ደግሞ በ1960ዎቹ ቀኝ እጁ ሲከዳው ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ሥራዎችን ይጫወት፣ ያስተምር፣ ኦርኬስትራም ይመራ ጀመር። (የሙዚቃ ደራሲው ራቬል ለግራ እጅ ብቻ የሆነ ኮንቼርቶ፣ ማለትም ሶሎይስት ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ፣ የጻፈው ቀኝ ክንዱን በጦርነት ላጣ ፒያኒስት ነው።) በ1927 የተወለደው መሪ ኸርበርት ብሎምስተድት ግን 90ን አልፎም፣ ተቀምጦም ቢሆን፣ ይመራ ነበር።

እኔም ጣቴ ስትከዳኝ ዱላውን ሞክሬዋለሁ። ሁለት ልምምድ ብቻ፤ ከዚያ በገዛ እጄ ወረድኩ። ጸሐፊያችሁም አንድ ቀን ይሞክረው።

ጡረተኛው ቫዮሊን ተጫዋች