የሲንጋፖር ሰርጥ ዝርፊያ በጦር መርከብ ብዛት አይቆምም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ባሕር ላይ ውንብድና የሚወጡ ጽሑፎች ከኤደን ባሕረ ሰላጤና ከሶማሊያ ጠረፍ ዓይናቸውን አያነሡም። ገቢና ወጪ ዕቃችን በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ ይህ አይገርምም። ሆኖም ከቻይና የሚጫነው ዕቃ ኤደን ከመድረሱ በፊት በሲንጋፖር ሰርጥ ያልፋል፤ የዚያ ዝርፊያ መልኩም መድኃኒቱም ሌላ ነው።

በሶማሊያ ጠረፍ ወንበዴው መርከቡን ከነሠራተኛው ይዞ ቤዛ ይጠይቃል። በሲንጋፖር ሰርጥ ግን አብዛኛው ዘራፊ የሚፈልገው በቶሎ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ጥቂት ሰዎች ጨለማን ተገን አድርገው በትንሽ ጀልባ ከመርከቡ ኋላ ይጠጉና መንጠቆ ባለው ረጅም ዘንግ ተንጠላጥለው ወጥተው በቀጥታ ወደ ሞተር ክፍል ይወርዳሉ፤ ያገኙትን ሠራተኛ በቢላዋ አስፈራርተው መለዋወጫውን በከረጢት ይዘው ይሰወራሉ። ጭነት የሞላው መርከብ ጎኑ ለውኃው ስለሚቀርብ ለመውጣት አያስቸግርም። ፊሊፕ መተላለፊያ በሚባለው ሥፍራ ደግሞ ስፋቱ ከ3 ኪሎ ሜትር ስለሚያንስ፣ መሪው ላይ ያለው መኮንን ላምልጥ ብሎ እንዳሻው ሊጠመዝዝ አይችልም።

ዋናው ችግር ግን ድንበሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት በአንቀጽ 111 አሳዳጁ መርከብ፣ ተሳዳጁ ወደ ሌላ አገር የግዛት ባሕር እንደገባ ማሳደዱን እንዲያቆም ያዛል። የሲንጋፖር፣ የማሌዥያና የኢንዶኔዥያ ውኃ በሚገናኝበት ሥፍራ ይህን መስመር ለመሻገር ለፈጣን ጀልባ ደቂቃዎች ይበቁታል። ለሶማሊያ የጸጥታው ምክር ቤት በ2008 ባሳለፈው ውሳኔ 1816 የውጭ ባሕር ኃይሎች በሽግግር መንግሥቱ ፈቃድ ወደ ግዛት ባሕሯ እንዲገቡ ተደርጓል። ጠንካራ መንግሥት ካላቸው ሦስት አገሮች ይህን መጠበቅ፣ በእኔ አስተያየት፣ የዋህነት ነው። በ2004 የጀመሩትን የተቀናጀ የባሕር ቅኝት እንኳ የሚያደርጉት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ውኃ ነው፤ ድንበር ተሻግሮ እንዲቃኝ የተፈቀደለት በ2005 የተጀመረው የአየር ቅኝት ነው።

ስለዚህ የሚያዋጣው ሸሺውን ከድንበሩ ማዶ ጠብቆ የሚይዝ ሌላ ጀልባ መኖሩ ነው። ያም የሚሆነው የመርከቡ ጥሪ ዘራፊዎቹ ገና ሳይርቁ ከደረሰ ብቻ ነው። ካፒቴኑ ግን የጠፋው አንድ ከረጢት መለዋወጫ ሆኖ ሳለ ለምርመራ ብቆም የመርከቡ ባለቤት ምን ይለኛል ብሎ ይሰጋል፤ ዘግይቶ የሚያመለክት አለ፣ ጨርሶ ዝም የሚልም አለ። መርከቦቹን ወደ ሩቅ ምሥራቅ የሚልከው የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ፣ ዝርፊያን ወዲያውኑ ያመለከተ ካፒቴን በምርመራ ለሚባክነው ሰዓት እንደማይጠየቅ በመመሪያው ላይ በግልጽ ቢያሰፍር፣ ኢትዮጵያውያን መኮንኖችን የሚቀጥሩ የውጭ ኩባንያዎችም ይህንኑ በውሉ ላይ እንዲጽፉ ቢጠየቁ መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመርከብ መኮንን፣ ከቢሾፍቱ