በጄኔራሉ ደብዳቤ ላይ የተጠቀሰውን ወታደር ለማግኘት

ሰላም የጅማ አባላት፣

የኮሪያ ዘማች ዘመዳችሁን ከጦርነቱ በኋላ ከተጻፈ የጄኔራል ደብዳቤ ተነስታችሁ የምትፈልጉ፣ ከስሙ በፊት ዘመኑን አጣሩ። «በ1952 የተዋጋ» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ሊሆን አይችልም፤ ያኔ ጦርነቱ ካበቃ ዓመታት አልፈዋል። በፈረንጆች ከሆነ ግን ከቃኘው (ወደ ኮሪያ ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር) በዓመቱ መጀመሪያ አንደኛው፣ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ሻለቃ ግንባር ላይ ነበር። በጦርነቱ የተዋጉት ሦስቱ ሻለቆች ኮሪያ የገቡት በ1943፣ በ1944 እና በ1945 ዓ.ም. ስለሆነ ዓመቱ ከጠራ ፍለጋው በጣም ይጠብባል።

ማዕረጉን ብቻ አትመኑ፤ ደብዳቤው ሰውየው በኋላ የደረሰበትን ሊጠራ ይችላል፣ የዘመቻው ዝርዝር ላይ ግን ገና አሥር አለቃ ሆኖ ይገኛል። «ኃይሉ» ካጣችሁ «ሀይሉ»ን፣ «ሐይሉ»ን ሞክሩ፤ «ፀጋዬ»ንም በ«ጸ»። የአባት ስም የግድ ይግጠም።

ወረቀቱን እባካችሁ ላሚኔት አታስደርጉ፣ ሙቀቱ ቀለሙን ያበላሻል። ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱ፤ የደብዳቤ ቁጥሩና ማኅተሙ እንዳይቆረጥ።