የኮምፒውተር ክበብ፦ ከፎርማት በፊት ስክሪኑን እናንብብ

ዘንድሮ ክበባችን ያተኮረው አንድ ጉዳይ ላይ ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ የሚባሉት ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች አብረው የተጫኑበት ኮምፒውተር አልነሳ ሲል ምን ይደረጋል? ብዙ ሰው "ፎርማት ይደረግ" (ዲስኩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይዘጋጅ) ለማለት ይቸኩላል። በዚህ ችኮላ ስንት ፎቶና ስንት የጥናት ጽሑፍ እንደሚጠፋ ሳስብ ያንገበግበኛል። ኮምፒውተር አልነሳ አለ ማለት ፋይል ጠፋ ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ የተበላሸው ወደ ፋይሉ የሚያደርሰው አድራሻ ብቻ ነው።

መጀመሪያ መሠረቱን ያዝን። የዲስክን አከፋፈል በሚመዘግበው በድሮው በኤምቢአር አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር (ትንሽ ቁራሽ) 512 ባይት ነው። 446ቱ ለማስነሻ ኮድ፣ 64ቱ ለፓርቲሽን (ለዲስክ ክፍልፋይ) ሠንጠረዥ፣ የቀሩት 2 ለመለያ ምልክት ናቸው። ከ4 በላይ ዋና ፓርቲሽን የማይፈቅደውም ሠንጠረዡ ቦታ ስለሌለው ነው። አዲሱ አሠራር ጂፒቲ በተለምዶ 128 ፓርቲሽን ይይዛል። የሠንጠረዡን ቅጂም ዲስኩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል።

ከሁሉም በላይ ያስተማረን ግን "ግራብ ሬስኪዩ" የሚለው ጥቁር ስክሪን ነው። ግራብ ከሊኑክስና ከዊንዶውስ አንዱን የምንመርጥበትን ሜኑ የሚያመጣው ማስነሻ ፕሮግራም ነው። ለልምምድ በተዘጋጀ የኤምቢአር ዲስክ ላይ ሊኑክስ 6ኛው ፓርቲሽን ላይ ነበር። አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ባዶውን 5ኛውን ሎጂካል ፓርቲሽን (ከአራቱ ዋናዎች በአንዱ ውስጥ የሚከፈል፣ ቁጥሩ ከ5 የሚጀምር) ሰረዘችው። ኮምፒውተሩ ሲነሳ "እንዲህ ያለ ፓርቲሽን የለም" አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ልጅቷ ግን አልደነገጠችም። ያለውን የሚዘረዝረውን ትእዛዝ ኤልኤስ ብላ ጽፋ ያሉትን ፓርቲሽኖች በየተራ ከፈተች። የሊኑክሱን ቡት ፎልደር 5ኛው ላይ አገኘችው! ሎጂካል ፓርቲሽን ሲሰረዝ ከኋላ ያሉት ቁጥራቸው ወደ ፊት ይጠጋል፤ ግራብ ግን አሁንም 6ን ይፈልጋል። አድራሻውን ወደ 5 አስተካክላ "ኖርማል" የሚባለውን የግራብ ሞጁል (ተጨማሪ ክፍል) ስትጭን የለመድነው ሜኑ መጣ። ሊኑክስ ከገባች በኋላ ግራብን እንደገና ዲስኩ ላይ ጫነችው። አለዚያ በሚቀጥለው ሲነሳ ያው ጥቁር ስክሪን ይመለሳል።

ሌሎቹ ችግሮች ቀለል ይላሉ። ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው አዲሱ ማስነሻ) ባለው ማሽን ላይ ሊኑክስ "ጠፋ" ሲባል አንዳንዴ የማስነሻው ቅደም ተከተል ብቻ ነው የተቀየረው። ከግራብ 2.06 ወዲህ ደግሞ ሌላ ሲስተም የሚፈልገው ኦኤስ ፕሮበር የሚባለው መሣሪያ ካልከፈቱት በቀር ዝግ ስለሆነ ዊንዶውስ ከሜኑው ሊቀር ይችላል። ሊኑክስ የዊንዶውሱ ፓርቲሽን ላይ አልጽፍ ካለ ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን ፋስት ስታርትአፕን ማጥፋት ነው። በጥገና ፍላሽ ስንገባም ፍላሹ ሲስተሙ በተጫነበት ሞድ መነሳቱን፣ ዩኢኤፍአይ ወይም ሌጋሲ (የድሮው አነሳስ) መሆኑን፣ እናረጋግጣለን። ይህችን መርሳት ብዙ ያለፋል።

በመጪው ዓመት ቴስትዲስክ በሚባል ፕሮግራም የተሰረዘ ፓርቲሽን መመለስ እንለማመዳለን። ለዚህ ያረጀ ሃርድ ዲስክ ያስፈልገናል። ልትሰጡን የምትፈልጉ ወላጆችና መምህራን የምትፈልጉትን ፋይል አስቀድማችሁ ገልብጡ፤ እኛ ዲስኩን ሆን ብለን ነው የምናበላሸው።