የተቀረጸ ቪዲዮ ዴሞውን አይተካም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ዕድሜ ጠገብ የኮምፒውተር ሥራዎችን ለመጪው ትውልድ ስለማቆየት በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ጉዳዩን ማንሳታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ይሁን እንጂ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን በቪዲዮ ቀርጾ ማስቀመጥ በቂ ነው ሲሉ የደረሱበት መደምደሚያ፣ ቢያንስ ዴሞሲን ለሚባለው የዴሞ ሥራ ጥበብ ፈጽሞ የማይሠራ በመሆኑ፣ ባለፈው ክረምት ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ለብራውዘር (ለድረ ገጽ መክፈቻው ፕሮግራም) እንደገና ስሠራ ያየሁትን መነሻ አድርጌ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ዴሞ ማለት ኮምፒውተሩ በዚያው ቅጽበት እያሰላ ምስልና ሙዚቃን አዋሕዶ የሚያቀርብበት ፕሮግራም ነው። ተመልካቹ የሚደነቀው በሚያየው ውበት ብቻ ሳይሆን፣ ያ ደካማ ማሽን ይህን ማድረግ በመቻሉም ጭምር ነው። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ጀርመን ደግሞ በ2021 ዴሞሲንን በየብሔራዊ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገባቸው ውስጥ አስገብተውታል። እኔ የሠራሁበት «ሰከንድ ሪያሊቲ» ሲሆን፣ ፊውቸር ክሩ የተባለው የፊንላንድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1993 አሴምብሊ በተሰኘው የዚያው አገር የዴሞ ጉባኤ ላይ አቅርቦ በፒሲ ዘርፍ አንደኛ የወጣበት ሥራ ነው። ሙዚቃውን የደረሱት ስካቨንና ፐርፕል ሞሽን በሚሉ የብዕር ስሞች የሚታወቁት ሁለት ወጣቶች ነበሩ።

ነገሩን በቅርብ ላሳይ። የዚያ ዘመን ቪጂኤ ካርድ (ምስሉን ወደ ስክሪን የሚልከው የኮምፒውተሩ ክፍል) ዴሞዎች አብዝተው በሚጠቀሙበት አሠራሩ ስክሪኑን ወደ ጎን 320፣ ወደ ታች 200፣ በድምሩ 64,000 ነጥቦች አድርጎ ይከፍለዋል። እያንዳንዱ ነጥብ የሚይዘው ቀለም ሳይሆን ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የትኛውን ቀለም እንደሚወክል የሚታወቀው 256 ረድፎች ካሉት ሌላ ሰንጠረዥ ነው። ፕሮግራመሩ ከሰንጠረዡ አንዱን ረድፍ ሲቀይር ያንን ቁጥር የያዙት ነጥቦች ሁሉ፣ አንዳቸውም ሳይነኩ፣ በአንድ ጊዜ ቀለማቸውን ይለውጣሉ። ማሽኑ 64,000 ነጥቦችን እየዞረ ለመቀባት አቅም ሲያጥረው፣ ጥቂት ቁጥሮችን ብቻ በመቀየር ስክሪኑን በሙሉ ማንቀሳቀስ የተቻለው በዚህ ብልሃት ነው። ካንቫስ የሚባለው የብራውዘሩ የምስል መሣያ ሰሌዳ ግን እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ የለውም፤ እያንዳንዱ ነጥብ የቀዩን፣ የአረንጓዴውን፣ የሰማያዊውንና የግልጽነቱን መጠን በአራት ባይት ለየብቻው ይይዛል። ስለዚህ ሰንጠረዡን በራሴ ኮድ ገንብቼ፣ ስክሪኑ በታደሰ ቁጥር ነጥቦቹን አንድ በአንድ በእሱ በኩል አሳልፌ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። የዛሬው ኮምፒውተር ይህን ሲሠራ ጨርሶ አይሰማውም፤ እኔ ግን የመጀመሪያዎቹ ደራሲዎች ያን ያህል የተጨነቁት ለምን እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

እዚያው ላይ አንድ ስሕተት ሠርቼ ነበር። ቪጂኤ የአንድን ቀለም መጠን የሚለካው ከ0 እስከ 63 ሲሆን ብራውዘሩ ግን እስከ 255 ይቆጥራል፤ እኔም እያንዳንዱን ቁጥር በ4 አባዝቼ አለፍኩት። 63 በ4 ሲባዛ 252 እንጂ 255 አይሞላም። ስክሪኑ በነጭ በሚበራበት ቦታ ላይ ዴሞውን አቁሜ ከገጹ ነጭ ጋር ጎን ለጎን ሳስተያየው፣ የእኔው ነጭ በጣም በጥቂቱ የደበዘዘ ሆኖ ታየኝ። ምክንያቱን አግኝቼ እስካስተካክል ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል፤ ያን ያህል መድከሜ ግን አይቆጨኝም፣ ነጩ ሙሉ ነጭ መሆን ነበረበትና።

የፍጥነቱ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ቪጂኤው በዚህ አሠራሩ ስክሪኑን የሚያድሰው በሰከንድ 70 ጊዜ ያህል ሲሆን፣ ዛሬ ብዙዎቻችን የምንጠቀምባቸው ስክሪኖች ግን 60 ጊዜ ነው። የዴሞውን እርምጃ ከስክሪኑ እድሳት ጋር በቀጥታ ብናስረው ምስሉ በየደቂቃው ከሙዚቃው ከ8 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ይቀራል፤ በሰከንድ 144 ጊዜ በሚታደስ ስክሪን ላይ ደግሞ በእጥፍ ይጋልባል። እያንዳንዱ ምስል ከሙዚቃው ምት ጋር እንዲገጥም ተብሎ በተሠራ ሥራ ላይ ይህ ሥራውን ከማፍረስ አይተናነስም። መፍትሔው ስክሪኑን ትቶ የሙዚቃውን ሰዓት መከተል ነው። ብራውዘሩ ተጠቃሚው አንድ ነገር ሳይጫን ድምፅ ስለማይፈቅድ «ጀምር» የሚል ቁልፍም አስቀምጫለሁ፤ ዋናው ዴሞም ሲነሣ የድምፅ ካርድ ያስመርጥ ስለነበር ይህ ባዕድ አይሆንበትም።

የቪዲዮው ጉድለትም ከዚሁ ይጀምራል። በሰከንድ በ60 ወይም በ30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ ቪዲዮ የ70ውን እንቅስቃሴ ሊይዝ አይችልም፤ ፋይሉን ለማሳነስ ሲጨመቅም የነጥቦቹ ጠርዝ ይሟሟል። ስፋቱና ቁመቱ ሳይታረም የተለቀቀ ከሆነም፣ ለዚያ ዘመን ስክሪን ተመጥኖ የተሣለ ክብ ተደፍጥጦ የተጋደመ እንቁላል ይመስላል። እነዚህ ሁሉ ቢስተካከሉ እንኳ ቪዲዮው የስሌቱን ውጤት ያሳያል እንጂ አያሰላም። በብራውዘር እንደገና የተሠራውን ግን ማንም ተማሪ ከፍቶ አንድ ቁጥር ቢለውጥ ምን እንደሚፈጠር ወዲያው ማየት ይችላል። የድሮውን ኮምፒውተር አስመስለው ዋናውን ፋይል እንዳለ የሚያስኬዱ እንደ ዶስቦክስ ያሉ ፕሮግራሞችም በብራውዘር ውስጥ ይሠራሉ፤ ታማኝነታቸውን አከብራለሁ፣ ሊኖሩም ይገባል። ሆኖም ሥራውን እንደ ታሸገ ዕቃ ስለሚያቀርቡት፣ ውስጡ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ለሚፈልግ ሰው አይበቁም።

እንደገና መሥራት የሌላውን ሥራ መስረቅ ነው የሚሉም አሉ። በዚህ ጥበብ ዘንድ ግን የቆየና የተከበረ ልማድ ነው፤ ስማሽ ዲዛይንስ የተባለው ቡድን ይህንኑ ዴሞ እ.ኤ.አ. በ1997 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ ላለው ኮሞዶር 64 እንደገና ሠርቶታል። ለእኔም ሥራውን የሚቻል ያደረገው ፊውቸር ክሩ ሥራው 20 ዓመት ሲሞላው እ.ኤ.አ. በ2013 ሶርስ ኮዱን፣ ማለትም ፕሮግራመሮቹ የጻፉትን የፕሮግራሙን ጽሑፍ፣ ያለ ምንም ገደብ ለሕዝብ መልቀቁ ነው። ኮዱን ሳየው ከሃያ በላይ ክፍሎቹ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን እንደቻሉ ፕሮግራሞች ተጽፈው በኋላ የተገጣጠሙ መሆናቸውን ተረዳሁ፤ አንዱን ክፍል ብቻ ለይቼ ለመጀመር የደፈርኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ኮዱ ባይለቀቅ ኖሮ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በግምት እከተል ነበር፤ ከዚያም የሚገኘው የሚመስል ነገር ብቻ ነው።

ይህን በአማርኛ ጋዜጣ ላይ ያነሣሁበት የራሴ ምክንያትም አለኝ። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ የኮምፒውተር ቁጥር ሥርዓት ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ወገኖቻችን ዶስ በተሰኘው የቆየ የኮምፒውተር ሥርዓት ዘመን የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞችን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው የፊደል ቁጥር አሰጣጥ ሠርተው ነበር። በእነዚያ ፕሮግራሞች የተጻፉ ሰነዶች ዛሬ ሲከፈቱ ብዙ ጊዜ የሚታየው ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። የፕሮግራሞቹ ገጽታ በፎቶ ወይም በቪዲዮ ቢገኝም ሰነዶቹን አያስነብብም፤ የሚያስፈልገው ኮዱ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የሠራችሁ ባለሙያዎች ሶርስ ኮዱ ያለበት ፍሎፒ ዲስክ በመሳቢያችሁ ውስጥ ካለ፣ ዲስኩ ሳይበላሽ ይዘቱን ገልብጣችሁ ለሕዝብ እንድትለቁት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጋዜጣው ፈቃደኛ ሆኖ ካገናኘን፣ ዲስኮቹን በማንበቡም ሆነ ፕሮግራሞቹን ለብራውዘር እንደገና በመሥራቱ በኩል ያለ ክፍያ ለመተባበር ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ